ነሐሴን የሚያሻግር ጎተራ፦ ሰንበቴው፣ ጀማውና ቅሬው አብረው የሚያቆሙት

በወሎ ገጠር ምጽዋትም ሰደቃም የሚበዛው እህል ቤት በገባ ሰሞን ነው። ዝክሩ፣ ተዝካሩ፣ የወዳጃው (የጋራ ጸሎቱ) ማዕድ ሁሉ ጎታው ሙሉ በሆነበት ወቅት ይደራረባል። መስከረም 21 ግሸን ማርያም ደጅ የተቀመጠ ነዳይ ከምእመኑ ስንቅ ሳይደርሰው አይውልም። ነሐሴ ሲገባ ግን ሰጪውም እጁን ይሰበስባል፤ ባሏ የሞተባት፣ በሬ የሌላት ሴት ምድጃ ሳይጨስ የሚውለው ያን ጊዜ ነው።

እዚህ የምናስረዳው በኅዳርና በታኅሣሥ የተሰጠ እህል ሳይነቅዝ፣ ሳይባክንና ተቀባዩን ሳያሳፍር እንዴት እስከ ነሐሴ እንደሚቆይ ነው። ሥራውን መሸከም ያለበት ቅሬው ነው። ቅሬ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን በአንድ መዝገብ ይዞ ለቅሶ የሚያደርስ፣ ቀሪውን የሚቀጣ፣ ሰው የሚፈራውና የሚያምነው ማኅበር ስለሆነ ሌላ ኮሚቴ ከመፍጠር እሱን ማጠናከር ይቀላል። ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ እህሉን ያስገኛሉ፣ ቅሬው ይጠብቃል፣ ያካፍላል።

ጉዳዩ የርኅራኄ ብቻ እንዳልሆነ ከመነሻው ተግባቡ። ድሃ ገበሬ ዋጋ በወደቀበት በጥር ዕዳ ለመክፈል ይሸጣል፣ ዋጋ በወጣበት በሐምሌ መልሶ ይገዛል። መግዣ ካጣም ሐምሌ ላይ አንድ ኩንታል ወስዶ ታኅሣሥ ላይ አንድ ተኩል ሊመልስ ይዋዋላል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ባለቀበት ጊዜ የደሴ ገበያ ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ እንዲያውም እህል ከወሎ እየተጫነ ወደ አዲስ አበባና አሥመራ ይወጣ እንደነበር የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን አሳይተዋል። ሰው ያለቀው እህል ከምድሪቱ ስለጠፋ ብቻ አልነበረም፤ መግዣው ከእጁ ስለወጣ ነው። ስለዚህ ጎተራው ሁለት ነገር ማድረግ አለበት፦ በክፉው ወር ማብላት፣ በደጉም ወር ድሃውን ከአራጣ ማስጣል።

ቁልፉን ማን ይያዝ

ሰባት ሰው ይበቃል። ሁለት ከሰንበቴው (በየሰንበቱ በተራ ከሚዘክረው የክርስቲያኑ ማኅበር) ወይም ከሰበካ ጉባኤው፣ ሁለት ከመስጊዱ ጀማ (ከሰጋጁ ኅብረት)፣ አንድ የቅሬው ጸሐፊ፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ከጎተራው ከሚቀበሉት መካከል፤ ከሁለቱ አንዷ ሴት ትሁን። ይህ የመጨረሻው ብዙ ቦታ ክርክር ያስነሳል፤ «ተቀባይ እንዴት አዛዥ ይሆናል?» ይባላል። አትልቀቁት። ተቀባይ የሌለበት ኮሚቴ ለድሃ የሚሰጠውን የሚወስነው በራሱ ጥጋብ ልክ ነው፤ በየትኛው ሳምንት ቤቱ ባዶ እንደሚሆን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው።

በሩ ላይ ሦስት ቁልፍ ይሁን፤ አንዱ ከክርስቲያኑ፣ አንዱ ከሙስሊሙ፣ አንዱ ከተቀባዮቹ ተወካይ ዘንድ። ሦስቱ ካልተገኙ አይከፈትም። ቄሱና ሼሁ ቁልፍ ባይዙ ይመረጣል። ከጎተራው አንድ ጆንያ ቢጎድል ሐሜቱ ወደ መቅደሱና ወደ ሚንበሩ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ፍትሕ ቢያስተምሩ ሰሚ የላቸውም። የእነሱ ድርሻ ማስታወጅ፣ ማስተማርና ጠብ ሲነሳ ማስታረቅ ነው።

ቤቱ የማንም አባል መኖሪያ አይሁን። ቅሬው ድንኳንና ድስት የሚያስቀምጥበት ክፍል ካለው 3 ሜትር በ3 ሜትር ቦታ ለ36 ባለ 50 ኪሎ ጆንያ ይበቃል፤ አራት አራት አድርጎ መደርደር ነው።

ስንት እህል ያስፈልጋል

በግምት አትጀምሩ። በአገራችን የእርዳታ ቀለብ ሲሰፈር ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ዘይት ነው። መንደር ይህን ሙሉውን ልቻል ካለ በሁለተኛው ዓመት ይሰለቻል። ግማሹን፣ 7.5 ኪሎውን ያዙ፤ የቀረውን ድሃው ራሱ በቀን ሥራ፣ በጎመንና በድንች ይሞላዋል።

ለምሳሌ 120 ቤት ያለው ቅሬ ውስጥ 18ቱ ቤቶች በክረምት ይቸገራሉ እንበል፤ በቤት አራት ሰው ቢሆን 72 ነፍስ ነው። 72 በ7.5 ሲባዛ በወር 540 ኪሎ፣ ለሐምሌ፣ ለነሐሴና ለመስከረም 1,620 ኪሎ ይመጣል። ለብልሽትና ድንገት ለሚመጣ ችግር አንድ አሥረኛ ጨምሩበት፤ 18 ኩንታል ገደማ ይሆናል። ይህን ለቀሩት 102 ቤቶች ብታካፍሉት ለአንድ ቤት 18 ኪሎ አይሞላም። ሀብታሙ ኩንታል ይስጥ፣ ሌላው አምስት ኪሎ ይስጥ፤ መዝገቡ ግን ሁሉንም በእኩል መስመር ይጻፍ። የሰጪዎችን መጠን በጉባኤ አታንብቡ፤ ድምሩን ብቻ አንብቡ።

ይህ የወቅት ስሌት በመኸር ለሚኖረው አገር ነው፤ ለቆቦ፣ ለቃሉ፣ ለተሁለደሬ፣ ለባቲ። በበልግ የሚያድረው ደጋ፣ እንደ ለጋምቦና ደላንታ ያለው፣ ገብሱን የሚያጭደው ሰኔና ሐምሌ ስለሆነ የሚርበው ከዚያ በፊት ነው፤ ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ የሰኔ መጀመሪያ። እዚያ ማከፋፈያው ወደ ሚያዝያ ይምጣ፣ መሰብሰቢያውም ለሁለት ይከፈል። የቆላውን ሠሌዳ ለደጋው መውሰድ ሰውን ጠግቦ ሳለ አብልቶ ሲራብ ማስራብ ነው።

የሚሻለው ማሽላ፣ ስንዴ፣ ገብስና ጤፍ ነው። ጤፍን ነቀዝ ስለማይደፍረው በተራ ጆንያም ይቀመጣል። ጓያ አትቀበሉ። ጓያ ድርቅን ስለሚችል በክፉ ዘመን ይተርፋል፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግር ያሽመደምዳል፣ ሽባነቱም አይድንም። በመድኃኒት የታሸ ዘርም ቢታጠብ እንኳ ለምግብ አይሆንም፤ በሩ ላይ መልሱት።

ሰደቃው፣ ዘካው፣ አስራቱ

የሁለት ሃይማኖት ሰዎች አብረው ሲሰጡ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ በክፋት ሳይሆን ባለማወቅ። ሰደቃና ምጽዋት ለማንም ድሃ ስለሚሰጥ ወደ አንዱ ክምር ይግባ። ዘካ ግን ሥርዓት አለው። በዝናብ ከበቀለ እህል አንድ አሥረኛ፣ ቆቦ ሜዳ ላይ እንደሚደረገው ውሃ በሞተር ተስቦ በድካም ከለማ አንድ ሃያኛ ይወጣል። በሻፊዒይ መዝሀብ (የሸሪዓ ሕግ አስተምህሮ) መጠኑ አምስት ወስቅ፣ በኪሎ ወደ 653 ሲደርስ ነው ግዴታ የሚሆነው፤ ኢማም አቡ ሐኒፋ ዘንድ ዝቅተኛ መጠን የለውም። በወሎ ሁለቱም መዝሀቦች ስላሉ የአካባቢው ሼህ የሚሉትን ተከተሉ።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። ዘካ ለማን እንደሚሆን በሱረቱ አት-ተውባህ 60ኛው አንቀጽ ስምንት ወገኖች ተዘርዝረዋልና ከጋራው ክምር ጋር አይቀላቀልም። ደግሞም የመኸር ሐቅ የሚሰጠው በአጨዳው ቀን ነው፤ ዘካውን እስከ ነሐሴ በኮሚቴ እጅ ማቆየት ያጠያይቃል። መፍትሔው ቀላል ነው። ዘካው እንደወጣ ለባለመብቱ ይሰጥ፣ የእሱ ንብረት ይሁን፤ ከፈለገ ያንኑ ጆንያ በስሙ ጽፎ በጎተራው በአማና (በአደራ) ያስቀምጠው። የሰው ንብረት ስለሆነ ለሌላ አይበደርም። ከስምንቱ ወገኖች አንዱ ዕዳ የከበደው ሰው መሆኑን አትርሱ፤ አንድ ጆንያ ዘካ የእህል ዕዳ ያለበትን ቤት በታኅሣሥ ነጻ ሊያወጣ ይችላል። ዘካተል ፊጥር ደግሞ ከዒድ ሶላት በፊት ለተቀባዩ መድረስ ስላለበት ወደ ጎተራው አይገባም።

በክርስቲያኑ በኩል አስራትና በኩራት የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ኮሚቴው አይንካው። የሚገኘው ከሌላ ነው። የሰንበቴ ባለተራ ዳቦና ጠላ ሲያወጣ ከሚያወጣው ግማሹን በጥሬ እህል እንዲያደርግ ሙሴው (የማኅበሩ መሪ) ከአባላቱ ጋር ይስማማ፤ ጽዋው አይቀርም፣ ያንሳል እንጂ። ሁለተኛው ከጾም የሚተርፈው ነው። ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ ጾምን የሚገልጸው እንጀራን ለተራበ በመቁረስ ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚጾመው አገሩ ሁሉ በሚርብበት ወር ነውና ካህናቱ የጾሙን ትርፍ ከዐቢይ ጾም ጀምሮ ወደ ጎተራው እንዲመጣ ቢያስተምሩ የሚናገሩት ያው የጥንቱን ትምህርት ነው።

ማድረቅና ማሸግ

ብዙ ጎተራ የሚጠፋው በሌባ ሳይሆን በእርጥበት ነው። ከአውድማ በቀጥታ የመጣ እህል የደረቀ ቢመስልም በጆንያ ውስጥ ይሞቃል፣ ይሻግታል። የሻገተ እህል አጥቦ መብላትም አያድንም፤ መርዙ ውስጡ ነው። ከጉድጓድ የወጣ ማሽላ ከሆነ በተለይ ሽታውን አይታችሁ ተቀበሉ።

ሸራ ላይ ከሁለት ጣት ባልበለጠ ውፍረት አስጡት፤ መሬት ላይ ማስጣት እርጥበትና ጠጠር ይጨምራል። በየሰዓቱ አገላብጡ፣ ማታ አስገቡ፣ ሁለት ሦስት ቀን ድገሙ። በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ የሚሰበረው ደርቋል፤ የሚለጠጠው ገና ነው። የተሻለው መፈተኛ ጨው ነው። ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ሲሶውን በእህል ሙሉ፣ ሦስት ማንኪያ በደንብ የደረቀ ጨው ጨምሩ፣ ከድናችሁ አንድ ደቂቃ ናጡ፣ ሩብ ሰዓት አስቀምጡ። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ እርጥብ ነው፣ ወደ ሸራው ይመለስ። ጨው ራሱ እርጥብ ከሆነ ፈተናው ይዋሻል፤ አስቀድማችሁ በምጣድ አድርቁት።

ከፀሐይ ያነሣችሁትን ትኩስ እህል አትሸጉ፤ ውስጥ ገብቶ ያልበዋል። በጥላ ሲቀዘቅዝ በሦስት ንብርብር ጆንያ፣ ገበያ ላይ ፒክስ በሚባለው፣ ይግባ። ሁለቱ የውስጥ ላስቲኮች ናቸው፣ ሦስተኛው የውጭው ማዳበሪያ። መጀመሪያ ላስቲኮቹን በትንፋሽ ነፍታችሁ ቀዳዳ ፈትሹ። ከሞላ በኋላ የውስጠኛውን አፍ አየሩን በእጅ ጨምቃችሁ አጠማዝዙ፣ አጥፉት፣ በገመድ እሰሩ፤ ሁለተኛውን እንደዚያው፤ የውጭውን በመጨረሻ። በውስጡ የነበረ ነቀዝ አየሩን ጨርሶ በሳምንታት ውስጥ ይሞታል፤ መድኃኒት አያስፈልግም። ለዚህ ነው ባለ 50 ኪሎውን የምንመርጠው፤ አንዴ የተከፈተ ጆንያ አየር ስለሚገባው በዚያው ቀን ማለቅ አለበት። በየወሩ 540 ኪሎ ስታወጡ 11 ጆንያ ትከፍታላችሁ፤ የተረፈው 10 ኪሎ ለታመመ ቤት ይሂድ።

ፎስቶክሲን የሚባለውን ክኒን ሰው በሚያድርበት ወይም ከመኖሪያ ጋር ግድግዳ በሚጋራ ክፍል ውስጥ በጭራሽ አትጠቀሙ። የሚያወጣው ጋዝ ነቀዝን እንደሚገድል ሰውንም ይገድላል፣ በተለይ የተኙ ሕፃናትን።

ጆንያዎቹን ከወለል አንድ ስንዝር ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ አንድ ክንድ አርቃችሁ ደርድሩ። አይጥ አንዱን ላስቲክ ከበሳ የዚያ ጆንያ ጥቅም አበቃ፤ በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ሰው ዙሪያውን ይመልከት።

ሚዛን

በጣሳና በቁና አትስፈሩ። ሲቀበሉ ቁልል፣ ሲሰጡ ልጭ ከሆነ ያ ስርቆት ነው፤ ሱረቱ አል-ሙጠፊፊን ወዮ ያለችው ለዚህ ነው፣ ምሳሌ 11፥1ም አባይ ሚዛንን ያወግዛል። አንድ ተንጠልጣይ ሚዛን ግዙና በሰው ፊት ፈትኑት፦ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቶ ሲመዘን 20 ኪሎና የጀሪካኑ ክብደት፣ ወደ 21 ኪሎ፣ መምጣት አለበት። ፈተናው በማከፋፈያ ቀን ሁሉ ይደገም።

ማን ይቀበል፣ ሳያፍርም እንዴት

ስም የሚመረጠው በጉባኤ እጅ በማውጣት አይሁን፤ ቤተሰብ የበዛለት ያሸንፋል። ሦስት ዝርዝር ለየብቻ ይዘጋጅ፦ አንዱን ቄሱና ሼሁ፣ አንዱን በየቡናው የሚገናኙ ሴቶች፣ አንዱን የሠፈሩ ወጣቶች። ሁለት ዝርዝር ላይ የተገኘ ቤት ይገባል፤ አንድ ላይ ብቻ የተገኘውን ሁለት ሰው ሄዶ ይይ። ከሦስቱ በጣም የምናምነው የሴቶቹን ነው፤ ማን እሳት ለመጫር እንደመጣና ማን እሳት ማንደድ እንደተወ ያውቃሉ።

ዝርዝሩ ሲያልቅ የጎደለውን ፈልጉ። መዋጮ መክፈል አቅቶት ከቅሬው የተሰረዘ ሰው ከሁሉ ይበልጥ የተቸገረው ነው፣ መዝገቡ ላይ ግን የለም። መሬቱን በእኩል የሰጠ ሽማግሌ ባለመሬት ስለተባለ ይዘለላል። ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች፣ ሰው ማረሻውንና ጀበናውን እየገዛ በቡዳነት የሚያማቸው፣ ብዙ ጊዜ አይጠሩም። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡም አሉ። እነዚህን ያላየ ጎተራ የዘመድ ጎተራ ነው።

ኀፍረትን ለማስቀረት የምንመክረው አንድ ዘዴ አለ። ጎተራው ሦስት ዓይነት እህል ይያዝ፦ በነጻ የሚሰጥ፣ ብድርና ማንኛውም አባል ለራሱ በአደራ ያስቀመጠው። ሐምሌ 1፣ ነሐሴ 1 እና በጳጉሜን መጀመሪያ ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሚዛን፣ በአንድ ዓይነት ጆንያ ይውሰድ። ያን ጊዜ ጆንያ ተሸክሞ የወጣው ሰው የራሱን ይሁን የተሰጠውን፣ ከመዝገብ ያዡ በቀር የሚያውቅ የለም። አል-በቀራህ 264 ሰደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት አታበላሹ ይላል፤ ማቴዎስ 6፥3 ግራህ አትወቅ ይላል። ፎቶ ማንሳት፣ ስም በድምፅ ማጉያ መጥራት፣ ከእህሉ በፊት ረጅም ስብከት ማድረግ ይቅር። የተቀባይ ዝርዝር ለሴፍቲኔት ምልመላ ተላልፎ እንዳይሰጥም ጉባኤው ቀድሞ ይወስን፤ በጎተራው የተረዳ ሰው ከዚያ እንዲሰረዝ ሰበብ እንዳይሆን።

የማከፋፈያ ቀን ከገበያ ቀን ጋር አይግጠም፤ አበዳሪው መንገድ ላይ ይጠብቃል።

ብድሩ

ከጎተራው ከሲሶ በላይ አይበደር። 50 ኪሎ ማሽላ የወሰደ 50 ኪሎ ማሽላ እስከ ታኅሣሥ 30 ይመልስ፤ ዋጋው ቢወጣም ቢወርድም በኪሎ ነው፣ ጭማሪ የለም። ወለድ በቁርኣንም የተከለከለ ነው፣ ዳዊትም በ14ኛው መዝሙር በእግዚአብሔር ተራራ የሚኖረው ገንዘቡን በአራጣ የማያበድረው ነው ይላል። አዝመራው የጠፋበት ሰው አል-በቀራህ 280 እንደሚያዘው እስኪሻለው ይጠበቅ፤ ቅጣት የለም። የማይመልሱት ግን ድሆቹ ሳይሆኑ አቅም ያላቸው፣ የሚፈሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ያለፈውን ያልመለሰ ሰው፣ የኮሚቴ አባልም ቢሆን፣ ለሁለተኛ ጊዜ እንደማይበደር ቃለ ጉባኤው ላይ ከመጀመሪያው ይጻፍ።

ጎተራው የማይሸፍነው

ነጻ እህል እየሰጡ የቀን ሠራተኛን ደመወዝ ማሳደር ጎተራውን ሐሰት ያደርገዋል። ዘሌዋውያን 19 የሞያተኛው ዋጋ እስከ ማለዳ እንዳያድር ያዛል፣ በሐዲስም ላቡ ሳይደርቅ ክፈሉት ተብሏል። ቄሱና ሼሁ ይህን በአጨዳ ሰሞን በአንድ ሳምንት ውስጥ ያስተምሩ። በዚያው ምዕራፍ የማሳው ዳር ለድሃ እንዲተው ታዟል፤ ከብት ወደ ገለባው ከመልቀቃችሁ በፊት ለቃራሚዎች ሁለት ቀን ተዉ።

ሌላው ጅጌ፣ ተባብሮ ማረሱ፣ ነው። በሬ የሌላት ሴት ማሳ በልማድ የሚታረሰው ሁሉም የራሱን ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ዝናቡ ያመልጣታል፣ ምርቷ ያንሳል፣ በሐምሌ ደግሞ ወደ ጎተራው ትመጣለች። ተራው ይገልበጥ፦ የእነዚህ ቤቶች ማሳ በመጀመሪያው ሳምንት ይታረስ። ለአንድ ጥማድ፣ ለሩብ ሄክታር ማለት ነው፣ ሁለት ጥማድ በሬ በአንድ ቀን ያዳርሰዋል። ምሳው በቅሬው ወጪ ይሁን፤ ባለማሳዋ ለጅጌው ጠላ ልጥመቅ ብላ ያላትን እህል ከጨረሰች እርዳታው ተመልሶ ዕዳ ሆነባት።

መስከረም ሲያልቅ ባዶዎቹን ጆንያዎች ገልብጡ፣ አራግፉ፣ ፀሐይ ላይ ግማሽ ቀን አውሉ። ላስቲኩን ነፍታችሁ ጎንጫችሁ ላይ አስጠጉት፤ ቀዳዳ ካለው ነፋሱ ይሰማል። የተበሳውን ለጤፍ አድርጉት፣ ደህናውን አጥፋችሁ አይጥ ከማይደርስበት አግዳሚ ላይ ስቀሉት፤ ካልተበሳ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዓመት ያገለግላል። የተረፈውን እህል መዝኑ፣ ቁጥሩን በጥቅምት የቅሬ ስብሰባ አንብቡ፣ የሦስቱንም ቁልፍ ያዦች በዚያው ቀን ለውጡ።